ወንድሜ ከሰዓት ሌላ፣ ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖብኛል። ጫቱ ነው ወይስ ድባቴ?

የሳቢያን እህት (እሁድ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

ታላቅ ወንድሜ ነው፣ 36 ዓመቱ። ታይዋን ገበያ አካባቢ የጥገና ቤት አለው። ቲቪ፣ ፋን፣ ስቶቭ፣ የማይጠግነው ነገር የለም። የድሬ ሙቀት ሲብስ ፋን ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ሰልፍ ነበር። አሁን ሱቁ ብዙ ቀን ዝግ ነው። ደንበኞች እኔ ጋ እየደወሉ «ዕቃችንን መልሱልን» ይላሉ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃና በረንዳ ላይ ይቀመጣል። እዚህ አገር በሙቀት ምክንያት ውጭ ማደር ብርቅ ስላልሆነ መጀመሪያ ማናችንም ልብ አላልነውም። እየነጋ ሲሄድ ግን ይብስበታል። ቁርስ ሲቀርብለት ፈጢራውን ቆራርሶ ሳህኑ ጥግ ላይ ይከምረዋል፣ ወደ አፉ አይደርስም። ሱሪው ስለሰፋው ቀበቶውን በሚስማር በስቶታል። ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው በተኛበት ቲሸርት ይውላል። አርሰናል ተጫወተ ቢባል ቀና አይልም። ይሄ እኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

8 ሰዓት ላይ ጓደኞቹ ጋ በርጫ ይቀመጣል። እዚያ ሰው ይሆናል። ይስቃል፣ ሱቁን ስለማስፋት ያወራል። ማታ ሲገባ ማንንም አያናግርም።

ራሱን ያመዋል፣ ጨጓራውን ያቃጥለዋል፣ ወገቡን ይቆርጠዋል። አንድ የግል ክሊኒክ ደጋግሞ ሄዶ በሄደ ቁጥር የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። እንቅልፉን የጠየቀው ሰው የለም።

እማዬ «ዓይን በልቶታል» ትላለች፣ ለቁልቢ ገብርኤልም ተስላለች። አጎቴ «ሚስት አግቡለት» ይላል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ባለፈው «ያለ እኔ ይቀላችሁ ነበር» ያለኝ ነው። እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ ግን አልሳቀም።

ጫቱ ነው? ድባቴ ነው? ደግሞስ የት ነው የሚኬደው?

ወርያ ድሬ (እሁድ ማታ)

አቦ እህቴ፣ ጫት ነው። ምርቃና ሲወርድ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት ሚስቴ «እንዴት አደርክ» ስትለኝ ይደብረኛል። ጫቱን ይተው፣ ሱቁን ይክፈት፣ ላብ ይውጣው። አባቶቻችን ባቡር ላይ ጭነት ሲያራግፉ ድባቴ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ይሄ የፌስቡክ በሽታ ነው።

የከዚራ ጥላ (እሁድ ማታ)

ወርያ፣ አልሰሙም እንጂ አልያዛቸውም ማን አለህ? እኛ ሰፈር ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባት ነበሩ። ሲያዩዋቸው ቁጡ፣ በር ዘግተው የሚውሉ። «ጸባያቸው ነው» ተባለና ተዘጋ። ስንቱ ጸባይ ተብሎ እንደቀረ ቤት ይቁጠረው።

ነርስ በፈረቃ (ሰኞ ጠዋት)

የሳቢያን እህት፣ እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፣ ሥራዬም እዚሁ ምሥራቅ ነው። ሰውየውን ሳላየው «ይሄ ነው» ብዬ ስም አልሰጥም። የጻፍሽው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ድባቴ የምንለው ለአንድ ሰሞን የሚከፋ ስሜት አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚቆይ ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱ መኖር አለበት፤ ወይ መንፈሱ ተጫጭኖታል፣ ወይ ድሮ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶበታል። አርሰናል ያልሽው እዚህ ጋ ይገባል። ከዚያ እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱንና ክብደቱን፣ ድካሙን፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃቱን፣ ንግግርና እንቅስቃሴው መጎተቱን ወይም መቁነጥነጡን እናያለን። ራሱን እንደማይረባ መቁጠር አለ፣ ሞትን ማሰብ አለ። በጠቅላላው ከዘጠኙ ምልክቶች አምስቱ ከተገኙና ኑሮውን ካዛቡበት ድባቴ ይባላል። ለዚህ የሚያገለግል ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ አለ፣ በአማርኛም ይሠራበታል። ከ27 ነጥብ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ መቅረትና ጠዋት ላይ መባስ ጠንከር ባለ ድባቴ ላይ በብዛት የምናያቸው ናቸው። ራስ ምታቱና ጨጓራውም እንደዚሁ። እኛ ጋ ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ ካርድ አያወጣም። «ልቤን ይመታኛል፣ ሰውነቴ ተሰባበረ፣ ያቃጥለኛል» ብሎ ነው የሚመጣው። ሕመሙም የውሸት አይደለም፣ በትክክል ያመዋል።

ስለ ጫቱ ወርያ ያለው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ምርቃናው ሲወርድ መንፈስ ይጥላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል። ስለዚህ ድባቴን መምሰልም ማባባስም ይችላል። ግን የተገላቢጦሹም አለ። በድባቴ የተያዘ ሰው ለጥቂት ሰዓት እንኳ ሰው ልሁን ብሎ ይቅማል። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ቅደም ተከተሉን ነው። ድሮም በዚሁ ልክ ይቅም ነበር? ያኔ ሱቁን ይከፍት፣ ሸሚዙን ይተኩስ ነበር? ከሆነ፣ የተቀየረው ጫቱ አይደለም ማለት ነው።

ሐኪሙ ሌላም ይጠይቃችኋል። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኛ ጉልበት የሚተርፈው፣ ገንዘብ የሚበትን፣ አፉ የማያርፍ ጊዜ ነበረው ወይ? ከነበረው ባይፖላር ሊሆን ይችላል፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ወደዚያ ሊገፋው ይችላል። የበርጫ ሰዓት ዕቅዱን ግን ከዚህ ጋር እንዳታምታቺው፣ ምርቃና ላይ ሕንጻ ያልሠራ ማን አለ። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ይታዘዝለት ይሆናል።

አሁን ወደ አስቸኳዩ። «ያለ እኔ ይቀላችሁ ነበር» ያለውን በቀጥታ ጠይቂው። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያስገባም። «አዎ» ካለና እንዴት እንደሚያደርገው ያሰበ ከሆነ ብቻውን አይደር። መድኃኒትም ሆነ መርዝ ነክ ነገር ከቤት ይውጣ። የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እዚሁ ድሬ ድልጮራ ሆስፒታልም፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ ግድ አይደለም።

ሸዋ በር (ሰኞ ከሰዓት)

አሰላሙ ዓለይኩም ጀማዓ። ከሐረር ነኝ። ሲስተር የጻፉትን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ።

እኔን የያዘኝ ምንም ባልጎደለኝ ጊዜ ነው። ሥራ አለ፣ ትዳር አለ፣ ልጆች አሉ። አፎቻ (የኛ የሐረሮች እድር) አልቀርም፣ ቀብር እቆማለሁ፣ ሰርግ እቀመጣለሁ። ሰው «ማሻአላህ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰርግ ቤት ሁሉም ሲያጨበጭብ «መቼ አልቆ ወደ ቤት በሄድኩ» እላለሁ። ቤት ስገባ «መቼ መሽቶ በተኛሁ»። ስተኛ እንቅልፍ የለም። ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ምንም አልተሰማኝም። ወላሂ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ሐዘን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ለልብ ነው። ልቤ ይመታል፣ ደረቴን ይጨመድደኛል። ኢሲጂ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ሁሉም ደህና። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከልብዎ የሳቁት መቼ ነው?» አለኝ። እዚያው አለቀስኩ። ልጄ የሚሆን ልጅ ፊት።

ፍሎክሰቲን ጠዋት ጠዋት አንዲት እንክብል አዘዘልኝ። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ያቁነጠንጣል፣ ራስ ያምማል። ይሄ እንደሚመጣና እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለነገረኝ ነው የቀጠልኩት። ለውጡን ቀድማ ያየችው ሚስቴ ናት። አንድ ቀን ሆጃ፣ የቡና ቅጠል ሻይ በወተት፣ አቀረበችልኝ፣ እኔም «ዛሬ ቀጠነ፣ ወተቱም አነሰ» አልኳት። ሳቀች። ለወራት የሰጠችኝን ሁሉ ዝም ብዬ ስጠጣ ነበርና መነጫነጬ የምሥራች ሆነላት።

ጫትን በተመለከተ እህቴ፣ «ዛሬውኑ ተው» ብላችሁ አታስጨንቁት። እኔ መጀመሪያ የጠዋቱን ተውኩ፣ ከዚያ የበርጫውን ቀን አሳነስኩ። በአንዴ ሲቆም ዱካኩ አያስተኛም። ሌሊት አንድ ሰው ደረትህ ላይ ቆሞ አላስነሳ ይልሃል። ለታመመ ሰው ይሄ ተጨማሪ ነው።

ወርያ ድሬ (ሰኞ ማታ)

ጋሼ፣ አላህ ያሽርዎ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄን ኪኒን የጀመረ ሰው መቼ ነው የሚያቆመው? የአጎቴ ልጅ ዓይኑ ፈዞ፣ ምራቁ እየወረደ ነው የሚውለው። ከዚህስ ጫቱ ይሻላል አቦ።

ነርስ በፈረቃ (ሰኞ ማታ)

ወርያ፣ የአጎትህ ልጅ የሚወስደውን አላውቅም። የገለጽከው ግን ለሌላ ዓይነት የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ላይ የሚታይ ነገር ነው። እሱም ቢሆን መጠኑ ይስተካከላል፣ ሌላ መድኃኒት ይቀየራል። ይዘኸው ሂድና «እንዲህ ሆኗል» በላቸው። ፈዞ መዋል ዕጣው አይደለም።

ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ሱስ አያስይዙም። ማንም አይመረቅንባቸውም፣ ማንም «ጨምሩልኝ» ብሎ አይለምንም። በአንዴ ሲቋረጡ ግን ማዞር፣ ንጭንጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሲቆሙ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሱት።

ትልቁ ችግር ጊዜው ነው። የጎንዮሹ ስሜት በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፣ መሻሉ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በደንብ የሚታየው እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚህ መሐል ስንቱ ይጥለዋል! ሌላው የሚጥለው ደግሞ ልክ ሲሻለው ነው። «ድኛለሁ፣ ለምን እውጣለሁ» ይላል። ከዳነ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር መቀጠል አለበት፣ በፊትም ይዞት የሚያውቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ካቋረጠ የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ከልክ በላይ ከተወሰደ ደግሞ አደገኛ ነው። ሞትን የሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ ኪኒኑን ሌላ ሰው ይያዘው። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዓይን አይነሣባቸው። አንዳንዶቹ ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል።

ቀለል ያለ ድባቴ ከሆነ ያለ ኪኒንም ይታከማል። የንግግር ሕክምና አለ። ባለሙያው ሐሳብህ እንዴት እየጎተተህ እንደሆነ አብሮህ ይመረምራል፣ በየቀኑ የምትሠራት ትንሽ ነገርም አብሮህ ያቅዳል። ጠንከር ላለው ሁለቱም አብረው ሲሄዱ ይሻላል። «አይዞህ፣ በርታ» ማለት ግን ሕክምና አይደለም። ከልብ ተብሎም ቢሆን።

አወያይ

«በሦስት ቀን የሚያድን ቅጠል፣ በውስጥ መስመር ያናግሩኝ» የሚለው መልእክት ተነሥቷል። የሐኪም ስምና የግል ስልክም አትለጥፉ።

የመንታ እናት (ማክሰኞ ጠዋት)

ወንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በሴት ላይ በእጥፍ ገደማ ይበዛል። እኔን የያዘኝ ከወሊድ በኋላ ነው። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እኔ ግን ልጆቼን ሳይ የሰው ልጆች ይመስሉኛል። «ምን ዓይነት እናት ነሽ» እንዳይሉኝ ዝም አልኩ። አማቴ «አራስ ብቻዋን ስለተተወች ነው» ብለው ብረት ትራሴ ሥር አስቀመጡልኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስለወደዱኝ ነው።

ያወጣችኝ ክትባት ላይ ያገኘኋት አዋላጅ ነርስ ናት። ልጆቹን መዝና ጨርሳ «አንቺስ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ማልቀስና ሆደ ባሻነት በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላለፈ ድባቴ ሊሆን እንደሚችል የነገረችኝ እሷ ናት። እያጠባሁም የሚወሰድ መድኃኒት ነበረ። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ እባካችሁ እናቲቱንም ጠይቋት።

የቁልቢ መንገደኛ (ማክሰኞ ከሰዓት)

እናትሽ ለቁልቢ መሳላቸውን ማንም እንዳያጣጥልባቸው። እኔ በእምነት የሚታገዝ ሰው አይቻለሁ። ጸበል ቦታ ሰው አለ፣ ጸሎት አለ፣ በጠዋት መነሣት አለ፣ ብቻ አለመሆን አለ። የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው፤ «ጸበል ከገባህ ኪኒኑን ጣል» የሚሉ አሉ። በዚህ ምክንያት ክፉኛ የተመለሰበት ዘመድ አለኝ። ጸበሉም ይጠመቅ፣ ኪኒኑም ይዋጥ። የነፍስ አባቱን ብትጠይቁ ብዙዎቹ እንደዚሁ ነው የሚሉት። በቁርአን የሚታከሙትም ላይ ያው ነው።

የሳቢያን እህት (ረቡዕ ጠዋት)

ሲስተር፣ ጠየቅኩት።

ሌሊት በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ሻይ በቅርንፉድ አፍልቼ ወጣሁ። ካቻቢቴ ይዞ በጣቶቹ መሐል ያሽከረክራል፣ የሚፈታ ነገር ግን የለም። ጉሮሮዬ ደርቆ እንደምንም አወጣሁት። «ማን ነገረሽ?» ነው ያለኝ መጀመሪያ። ማንም አልነገረኝም አልኩት። ከዚያ «ሐሳቡ ይመጣል። ይሄዳል። አላደርገውም፣ እማዬ አለች» አለ። ዕቅድ እንዳለው ጠየቅኩት፣ የለኝም አለ። ሻዩን ጠጣ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አማኑኤል ልትወስዱኝ ነው?»

አሁን እንዴት አድርጌ ልውሰደው? አጎቴ «ለጨጓራ ነው ብላችሁ አታልላችሁ ውሰዱት» ይላል።

የከዚራ ጥላ (ረቡዕ ጠዋት)

አታታልሉት። እዚያ ደርሶ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብ ሁለተኛ አያምናችሁም። «እንቅልፍህን ያጣኸው እያየን ነው፣ እሱን እንታከም፣ እኔም አብሬህ እገባለሁ» በይው። እንቅልፍ ማጣቱን አይክድም፣ የራሱ ቅሬታ ነው። ጠዋት ስለሚብስበት ከዋዜማው ሁሉን አዘጋጂ፤ ባጃጅ ይዘዝ፣ ልብስ ይተኮስ። «ተነሥ፣ ታጠብ፣ ልበስ፣ ካርድህን ፈልግ» ሲባል ነው ሰው የሚቀረው።

የበርጫ ጓደኞቹንም አትናቂያቸው። ከነሱ ውስጥ አንድ ጨዋ አይጠፋም። እሱ ቢያመጣው ከኛ ከዘመዶች ይሻላል።

ነርስ በፈረቃ (ረቡዕ ከሰዓት)

እሰይ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሐሳቡ አለ፣ ዕቅድ የለም ማለት ጊዜ አለን ማለት ነው እንጂ ይቆይ ማለት አይደለም። በዚህ ሳምንት ውሰጂው። ነገሩ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ዕቃውን ማከፋፈል፣ መሰናበት፣ ድንገት መረጋጋት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ስንት እንደሚቅምና ከበርጫ በኋላ ጨብሲ (ምርቃና ማብረጃ መጠጥ) እንዳለው ለሐኪሙ እንዳይደብቅ ንገሪው። አልኮል ድባቴን ያባብሳል፣ ከመድኃኒቱም ጋር አይስማማም። ማንም ለፖሊስ አይነግርበትም፣ ማንም አይቆጣውም።

ወርያ ድሬ (ረቡዕ ማታ)

እኔ አሁንም ግማሹ ጫት ነው እላለሁ። ግን አቦ፣ ፋኔ ቆማለች፣ ቤቱ እሳት ሆኗል። ሱቁ ዝግ ከሆነ ቤት ድረስ ላምጣለት? ወይስ ሥራ ማብዛት ይሆናል?

ነርስ በፈረቃ (ረቡዕ ማታ)

አምጣለት! አንድ ፋን ብቻ። አሥር አይደለም። ሰው «ፍላጎቴ ሲመለስ እሠራለሁ» ይላል፣ በድባቴ ውስጥ ግን ፍላጎት ብዙ ጊዜ ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው። በሕክምናውም ከትንሽ ነገር ነው የምናስጀምረው። ካልቻለም አትጨቅጭቀው፣ ትተኸው ሂድ።

የሳቢያን እህት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ጀማዓ፣ ዘገየሁ። ሄድን።

ከመግባታችን በፊት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ግድግዳውን ሲያይ ነበር፣ ሰው እንዳያውቀው። አግዳሚው ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ታይዋን ፊት ለፊቱ ያለ ባለ ሱቅ። ተያዩ። «አንተም?» «አንተም?» ተሳሳቁ። ኮፍያው ከዚያ በኋላ ኪሱ ገባ።

ሐኪሟ ረጅም ሰዓት አናገረችው፣ የተወሰነውን ጊዜ እኔን ውጪ አስቀምጣ። ዘጠኙን ጥያቄ ሞላ። ስለ ጫቱ ስትጠይቀው እንደ አጎቴ አልተቆጣችም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጀምርና ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ብቻ ጻፈች። የደምና የታይሮይድ ምርመራው ደህና ነው። ድባቴ ነው አለችን፣ መካከለኛ። ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት፣ ጨብሲ የለም፣ ጫቱ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ለንግግር ሕክምናም ቀጠሮ አለው። ኪኒኑን የምይዘው እኔ ነኝ።

ገና አልዳነም። ያቅለሸልሸዋል፣ አሁንም ሌሊት ይነቃል። ግን ሲነቃ ይጠራኛል። እማዬ ስዕለቷን አልተወችም፣ ለኪኒኑ ሰዓትም ከኔ በላይ ትጠነቀቃለች።

ወርያ ድሬ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ፋኗን ሠርቷል። መጀመሪያ ሦስት ቀን ሳይነካት ቀረ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ደወለና «ካፓሲተሯ ነው የሄደው፣ ውሰዳት» አለኝ። ገንዘቡን ግን ሙሉ ነው የተቀበለኝ። ስለ ታመመ ይራራልኛል ብዬ ነበር።

ሸዋ በር (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሃሃ። ወርያ፣ ሙሉ ሒሳብ መጠየቁ ደህና ምልክት ነው። አልሐምዱሊላህ።

ገንደ ቆሬ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሲስተር፣ ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። እኔም ይሄንኑ መድኃኒት እወስዳለሁ። ረመዳን ሲመጣ ጠዋት መዋጥ አልችልም። አንድ ወር ላቁም?

ነርስ በፈረቃ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

አታቁም። ፍሎክሰቲን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችላል። ከኢፍጣር በኋላም መውሰድ ይቻላል፣ ግን እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ሱሑር ይሻላል። ሌላ መድኃኒት በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ አያሸጋሽግ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ። የረመዳን ሌሊት በርጫና የእንቅልፍ መዛባትም አለ፣ ድባቴ ላለበት ሰው ከጾሙ ይልቅ እሱ ነው የሚጎዳው። ቀጠሮህ ከረመዳን በፊት ከሆነ ያኔውኑ አንሣው፣ ካልሆነ ቀደም ብለህ ሂድ።